ኢንቴክ ከመግዛትዎ በፊት፦ ለመኪናዎ ይጠቅም እንደሆነ ለክቶ መወሰኛ ዝርዝር መመሪያ

ኢንቴክ አየር አጣርቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው የማጣሪያና የቱቦ ክፍል ነው። ከመኪናው አምራች ውጭ ያሉ ድርጅቶች የሚሰሩት ኢንቴክ ሰፊ ቱቦ፣ ትልቅ ክብ ማጣሪያና ጥቂት ፋሸታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ይገዛል፣ ቀጥሎ ይገጥማል፣ ድምፁ ሲጨምር ጉልበቱም የጨመረ ይመስለዋል። ትንሽ ቆይቶ የቼክ ኢንጅን መብራት ሲበራበት ደግሞ ከምን ጋር እንደሚያነጻጽር አያውቅም፤ ከመግጠሙ በፊት የያዘው ቁጥር የለምና። እዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በመጀመሪያ የፋብሪካው ኢንቴክ ምን ያህል አየር እንደሚከለክል ይለካሉ፤ ከዚያ አዲሱ ቢበዛ ምን ሊመልስ እንደሚችል ያሰላሉ፤ ግዢው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለት ቁጥሮች ይያዙ

ኢንቴክ ጉልበት የሚጨምረው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው፤ አየሩ ሲገባ የሚያጣውን ግፊት በመቀነስ፣ ወይም የቀዘቀዘ አየር በማስገባት።

- ግፊት፦ በባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት ወደ 101 ኪሎፓስካል ነው። ስለዚህ በማጣሪያውና በቱቦው የሚጠፋ 1 ኪሎፓስካል (10 ሴንቲሜትር ያህል የውሃ ከፍታ) 1 በመቶ ገደማ አየር ነው። ከፍታ ቦታ ላይ ያለው ግፊት 75 ኪሎፓስካል ከሆነ ያው 1 ኪሎፓስካል 1.3 በመቶ ይሆናል።
- ሙቀት፦ በተለመደ የአየር ጠባይ፣ የሚገባው አየር በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ ክብደቱ 1 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ጣሪያው ነው። አየሩ በመግቢያ ቫልቩና በሲሊንደሩ ውስጥ እንደገና ስለሚሞቅ ጉልበት ላይ የሚታየው ከዚህ ያንሳል።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የያዘ ሰው በማሸጊያ ላይ የታተመ የፈረስ ጉልበት አያታልለውም።

ደረጃ 1፦ ምን እንደሚፈልጉና ምን ዓይነት ሞተር እንዳለዎት ይለዩ

*ነዳጅ ለመቆጠብ ከሆነ* እዚህ ላይ ያቁሙ፤ አይግዙ። የቤንዚን ሞተር በተለመደ ጉዞ ላይ ትሮትሉ (ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር በር) በከፊል የተዘጋ ነው። አየሩን የሚያንቀው ራሱ ትሮትሉ ስለሆነ ማጣሪያው ትንሽ ቢከለክልም ትሮትሉ ያንኑ ያህል ከፈት ይላል፤ ሞተሩም የሚፈልገውን ያህል አየር ያገኛል። በአሜሪካ የሚገኘው ኦክ ሪጅ ናሽናል ላቦራቶሪ በ2009 ባወጣው ጥናት፣ በኮምፒውተር በሚቆጣጠሩ የኢንጀክሽን ሞተሮች ላይ የተደፈነ ማጣሪያ እንኳ የነዳጅ ፍጆታን ይህ ነው በሚባል መጠን እንደማይለውጥ፣ የሚጎዳው ፍጥነት የመጨመር አቅምን እንደሆነ አሳይቷል። የተደፈነው ነዳጅ ካላባከነ ንጹሑን በሌላ ንጹሕ መተካት የሚያተርፈው ነገር የለም።

*ለድምፅ ከሆነ* ፍላጎቱ ትክክለኛ ነው፤ ኢንቴክ በእርግጠኝነት የሚለውጠው ድምፁን ነው። ደረጃ 5ና 6ን ዘልለው ወደ ደረጃ 7 ይሂዱ፤ ደረጃ 3ን ግን አይዝለሉ።

*ለጉልበት ከሆነ* የሞተሩ ዓይነት መልሱን ይለውጠዋል።

- ቱርቦ (አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ቤንዚን፦ የሚገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ ፋብሪካው የሠራው በቂ ነው።
- ቱርቦ ያለው ቤንዚን፦ ቱርቦው ፊት የጠፋ ግፊት በማባዣ ይጠፋል፤ ቱርቦው የከባቢውን ግፊት ሁለት እጥፍ የሚያደርግ ከሆነ ከፊቱ የጠፋው 3 ኪሎፓስካል ከኋላው ወደ 6 ይጠጋል። ግን ኮምፒውተሩ የተወሰነ ግፊት ላይ ለመድረስ ስለሚሠራ ጉድለቱን ቱርቦውን በማፍጠን ያካክሰዋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ካልተቀየረ ኢንቴኩ የቱርቦውን ድካም ይቀንሳል እንጂ ጉልበቱ ያን ያህል አይጨምርም። ሶፍትዌር የተቀየረለት መኪና ላይ ግን ኢንቴክ ገንዘቡን የሚያወጣበት ዋናው ቦታ ይህ ነው።
- ናፍጣ፦ ጉልበቱን የሚወስነው የሚረጨው የነዳጅ መጠን ነው። ከፋብሪካ በወጣበት ሁኔታ ያለ ጤነኛ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን ለማቃጠል ከሚበቃው በላይ አየር አለው። ሲረገጥ ጥቁር ጭስ የማይተፋ ከሆነ ተጨማሪ አየር አይፈልግም።

ደረጃ 2፦ የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የኦቢዲ 2 ማንበቢያ፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር ንባቦችና የብልሽት ኮዶች የሚያሳይ መሣሪያ (በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚሠራው ርካሹ ዓይነት ይበቃል) እና መረጃን መመዝገብ የሚችል መተግበሪያ
- ለመኪናዎ ሞዴል የተሠራ አዲስ የወረቀት ማጣሪያ
- የቱቦ ስፋት የሚለኩበት ካሊፐር፣ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ነጭ ንጹሕ ጨርቅ
- ካገኙ፣ እስከ 10 ኪሎፓስካል የሚያነብ የልዩነት ግፊት መለኪያና 2 ሜትር ያህል ቀጭን የጎማ ቱቦ
- የሚነዳና የሚመዘግብ ሁለት ሰው። ብቻዎን ሆነው ስልክ እያዩ እስከ ወለል አይርገጡ።

ማንበቢያውን ሲያዘጋጁ ከአራት የማይበልጡ ንባቦች ብቻ ይምረጡ። ርካሽ ማንበቢያ አሥራ ሁለት ነገር ሲጠየቅ እያንዳንዱን በየብዙ ሴኮንዱ ነው የሚያመጣው፤ ሞተሩ ከታች እስከ ላይኛው ዙር በሚወጣባት አጭር ጊዜ ውስጥ አንድ ሁለት ነጥብ ብቻ ይዘው ይቀራሉ።

ደረጃ 3፦ መኪናውን መጀመሪያ ጤነኛ ያድርጉ

ከኢንቴክ ተገኘ የሚባለው ጥቅም ብዙ ጊዜ አሮጌ ማጣሪያ በመውጣቱ የተገኘ ነው። ያንኑ በአዲስ ወረቀት በትንሽ ገንዘብ ያገኙታል።

1. የተመዘገበ የብልሽት ኮድ ካለ ያንብቡ፣ ይጻፉት፣ ምክንያቱን ያስተካክሉ። ኮዱን ብቻ አጥፍተው አይለፉ።
2. የማጣሪያ ሳጥኑን ይክፈቱ። ከማጣሪያው በኋላ ያለውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁን በጣትና ጣት መካከል ይሹት፤ ከሻከረ አሸዋ እያለፈ ነው፣ ሳጥኑ ወይም የማጣሪያው ጎማ ጠርዝ አልገጠመም። ጨርቁን ቀን ጽፈው ያስቀምጡት፤ በኋላ ማነጻጸሪያ ይሆናል።
3. አዲሱን ማጣሪያ ያስገቡ። የሳጥኑ ክዳን ዙሪያውን እኩል መቀመጡን በጣትዎ እየዳሰሱ ያረጋግጡ።
4. አየሩ ወደ ሳጥኑ የሚገባበትን አፍ ይመልከቱ። ቅጠል፣ ጭቃ፣ የአይጥ ጎጆ ወይም በቀድሞ ጥገና ተፈትቶ የቀረ ቱቦ ይኖራል። ይህ አፍ ብዙ መኪና ላይ ከፊት መብራቱ ጀርባ ወይም ከፓራፋንጎው ውስጥ ነው።
5. ሞተሩ ሙቀቱን ከያዘ በኋላ የፊውል ትሪም ንባቦችን (ኮምፒውተሩ በነዳጁ መጠን ላይ የሚያደርገውን እርማት በመቶኛ) ይዩ። የሾርት ተርም (የአሁኑ) እና የሎንግ ተርም (የቆየው) እርማት ድምር ከዜሮ በላይም ሆነ በታች በ5 በመቶ ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው። እስከ 10 ይታገሡታል። ከ10 ካለፈ ያቁሙ።

ትሪሙ ከ10 በላይ ከሆነ፦ ፕላስ ከሆነ ከማፍ ሴንሰሩ (የሚገባውን አየር ክብደት ከሚለካው) በኋላ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ ፋሸታ ይፈልጉ፤ ቀጥሎ ሴንሰሩን በማፍ ማጽጃ ብቻ ያጽዱ። የካርቡረተር ወይም የፍሬን ማጽጃ አይጠቀሙ፤ ቀጭኗን ሽቦና ፕላስቲኩን ይጎዳል። ሽቦዋን በጣትም ሆነ በጥጥ አይንኩ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትደርቅ ቁልፍ አይክፈቱ። በዚህ ሁኔታ ላይ አዲስ ኢንቴክ መግጠም አንዱን ችግር በሌላው መሸፈን ነው።

እዚህ ደረጃ ላይ መኪናው ቀለል ብሎ መሄድ ከጀመረ የሚፈልጉትን አግኝተዋል ማለት ነው። ገንዘቡን ያስቀምጡ።

ደረጃ 4፦ የሚገባውን አየር ሙቀት ይለኩ

1. መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ባደረበት፣ ቁልፍ ብቻ ከፍተው ሞተር ሳያስነሱ የመግቢያ አየር ሙቀቱን ያንብቡ። ከውጭው ሙቀት ጋር በ2 እና 3 ዲግሪ ውስጥ መሆን አለበት። ካልሆነ ሴንሰሩ ልክ አይደለም፤ ቀጣዩ ሁሉ ትርጉም የለውም።
2. ለ20 ደቂቃ ይንዱ። በተረጋጋ ፍጥነት ላይ፣ ቢያንስ 3 ደቂቃ ሳይቆሙ ከሄዱ በኋላ ንባቡን ይያዙ።
3. ሞተሩ እየሠራ ለ5 ደቂቃ ይቁሙና እንደገና ያንብቡ። ይህ የትራፊክ ሁኔታው ነው።

በጉዞ ላይ ያለው ንባብ ከውጭው ከ10 ዲግሪ በታች ብቻ የሚበልጥ ከሆነ የፋብሪካው ኢንቴክ አስቀድሞም ቀዝቃዛ አየር እየሳበ ነው። ኮልድ ኤር (ቀዝቃዛ አየር) የሚለው የማሸጊያ ስም የሚጨምርልዎት ነገር የለም። ከ15 እና ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ የተፈታ የመግቢያ ቱቦ ወይም የወለቀ የራዲያተር መከለያ ካለ ይዩ፤ ሁለቱም በነጻ የሚስተካከሉ ናቸው።

አንድ ጥንቃቄ፦ በማፍ ፈንታ ማፕ ሴንሰር (የማኒፎልዱን ግፊት የሚለካ) ብቻ ያላቸው አንዳንድ ሞተሮች የሙቀት ሴንሰሩን ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ላይ ነው የሚያስሩት። ብረቱ ስለሚያሞቀው በቆመ መኪና ላይ ያለው ንባብ ከእውነተኛው አየር ይበልጣል። ለእነዚህ የጉዞውን ንባብ ብቻ ይጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ የሚጠፋውን ግፊት ይለኩ

ውሳኔውን የሚሰጠው ይህ ደረጃ ነው። ሁለት መንገድ አለ።

መንገድ ሀ፦ በማፕ ሴንሰር (ቱርቦ ለሌለው ብቻ)

1. ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ከፍተው የማኒፎልድ ግፊቱን ይጻፉ። ይህ የአካባቢዎ የከባቢ አየር ግፊት ነው።
2. አራት ንባብ ይምረጡ፦ የማኒፎልድ ግፊት፣ የሞተር ዙር፣ የትሮትል ክፍተት፣ የመግቢያ አየር ሙቀት።
3. ትራፊክ በሌለበት፣ ቀጥ ባለ፣ የፍጥነት ገደቡ በሚፈቅድና በተቻለ መጠን በተዘጋ መንገድ ላይ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ከ2000 ዙር ጀምሮ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለል ይርገጡ። ቀዩ መስመር (የሞተሩ ከፍተኛ የዙር ገደብ) ሊደርስ ሲል ይልቀቁ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን በእጅ ያስይዙ፤ በመሃል ከቀየረ ምዝገባው አይሆንም።
4. ሦስት ጊዜ ይድገሙ፣ በየመሃሉ 2 ደቂቃ በቀስታ ይንዱ።
5. ከቁጥር 1 ላይ፣ በከፍተኛው ዙር የታየውን ግፊት ይቀንሱ።

ለምሳሌ መነሻው 100፣ በ6000 ዙር የታየው 97 ከሆነ ጠቅላላ ኪሳራው 3 ኪሎፓስካል ነው። ይህ ግን የማጣሪያው፣ የቱቦው፣ የትሮትሉና የማኒፎልዱ ድምር ነው። ኢንቴክ ትሮትሉንና ማኒፎልዱን አይነካም፤ ስለዚህ ከ3ቱ ሁሉንም የሚመልስ ኢንቴክ የለም።

ችግር ቢገጥምዎ፦ የትሮትል ክፍተቱ እግርዎ ወለል ላይ ሳለ ወደ ታች ከወረደ ኮምፒውተሩ ራሱ እየዘጋው ነው፤ ያ ምዝገባ አይቆጠርም። የማፕ ንባብ በኦቢዲ በ1 ኪሎፓስካል እርከን ስለሚመጣ 2ና 3ን ለመለየት ሦስቱንም ምዝገባ ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

መንገድ ለ፦ በግፊት መለኪያ (ለሁሉም ሞተር፣ ይበልጥ ትክክለኛ)

1. ሞተሩን ያጥፉ። ከማጣሪያው በኋላ፣ ከትሮትሉ ወይም ከቱርቦው በፊት ባለው ቱቦ ላይ ያለ ትንሽ መያያዣ ይፈልጉ። ቱቦውን አይብሱት፤ መያያዣ ከሌለ ማፕ ያላቸው በመንገድ ሀ ይቆዩ።
2. ከመለኪያው የሚመጣውን ቀጭን ቱቦ ከመያያዣው ጋር ያገናኙ። ሌላው አፍ ክፍት ሆኖ የከባቢውን አየር ያነባል።
3. ቱቦውን ከማርሚታው፣ ከቀበቶውና ከማራገቢያው አርቀው ያስሩ። ኮፈኑ ሲዘጋ እንዳይጨፈለቅ ይጠንቀቁ፤ የተጨፈለቀ ቱቦ ዜሮ ያነባል።
4. እንደ መንገድ ሀ ሦስት ጊዜ ይንዱ፣ ትልቁን ንባብ ይጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በውሃ የተሞላ የዩ ቅርጽ ቱቦ በመኪናው ውስጥ አይጠቀሙ። የግፊቱ ልዩነት ከውሃው ከፍታ ከበለጠ ውሃው ወደ ሞተሩ ይሳባል። ማጣሪያውን አውጥተው «ያለ ማጣሪያ ስንት ይሆናል» ብለውም አይሞክሩ፤ አሸዋ አንዴ ሲሊንደር ከገባ አይመለስም።

ደረጃ 6፦ ጣሪያውን ያስሉ

በመንገድ ለ 2 ኪሎፓስካል ጠፋ እንበል፤ የአካባቢው ግፊት 100 ነው። ምንም የማይከለክል ኢንቴክ ቢኖር ትርፉ 2 በመቶ ይሆን ነበር። ማንኛውም ማጣሪያ ግን ይከለክላል። ጥሩ የገበያ ኢንቴክ ግማሹን ቢመልስ 1 በመቶ አየር ነው፤ በ150 ፈረስ ጉልበት ሞተር ላይ 1.5 ፈረስ ጉልበት፣ ያውም ቀዩ መስመር አካባቢ ብቻ።

አሁን ሙቀቱን ይጨምሩበት። ማጣሪያው ክፍት ሆኖ ሞተሩ አጠገብ የሚቀመጥ ከሆነና የሚገባው አየር ከበፊቱ በ6 ዲግሪ ቢሞቅ፣ የአየሩ ክብደት በ2 በመቶ ይቀንሳል። ከግፊት ያገኙት 1 በመቶ በሙቀት ጠፋ፣ ከዚያም አልፎ ከዜሮ በታች ወረደ። አየሩ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ማቀጣጠያውን ወደ ኋላ ስለሚያዘገይ ኪሳራው ሊብስ ይችላል። በቀዝቃዛ ማለዳ ጥሩ የሆነው ኢንቴክ በትራፊክ ውስጥ የሚደክመው ለዚህ ነው።

ማፍ ሴንሰር ካለዎት ሌላ ማረጋገጫም አለ። ባለ 2.0 ሊትር ሞተር በ6000 ዙር፣ ሲሊንደሮቹ በእያንዳንዱ ዑደት ሙሉ በሙሉ ቢሞሉ በሴኮንድ 100 ሊትር አየር ይወስዳል (2.0 × 6000 ÷ 2 ÷ 60)። በባሕር ጠለል በ25 ዲግሪ አንድ ሊትር አየር 1.18 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 118 ግራም በሴኮንድ ይመጣል። የእርስዎ ማፍ 105 ካነበበ ሞተሩ 89 በመቶ እየሞላ ነው፤ ኢንቴኩ አልያዘውም። 80 ብቻ ካነበበ፣ የግፊት ኪሳራው ደግሞ ትንሽ ከሆነ፣ ችግሩ ቆሻሻ ማፍ፣ የተደፈነ የጭስ ማውጫ ማጣሪያ ወይም የተዛባ የቫልቭ ጊዜ ነው። ከፍታ ቦታ ላይ የአየሩ ክብደት እንደሚቀንስ አይርሱ፤ ያሰሉትን ግራም በራስዎ አካባቢ ግፊት ያባዙ፣ በ101 ያካፍሉ።

ደረጃ 7፦ ምርቱን ይመርምሩ

ስሌቱ አሁንም «ይገባል» ካለ ወይም የሚፈልጉት ድምፁን ከሆነ፣ ምርቱን በሚከተለው ቅደም ተከተል ይፈትሹ። አንዱ ላይ ከወደቀ ቀጣዩን ማየት አያስፈልግም።

7.1 ማፉ የሚቀመጥበት ቱቦ ስፋት። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይህ ነው። ማፍ ሴንሰር የሚያውቀው በአጠገቡ የሚያልፈውን ትንሽ አየር ብቻ ነው፤ ጠቅላላውን የሚገምተው የፋብሪካው ቱቦ ስፋት በኮምፒውተሩ ውስጥ ስለተሞላ ነው። የፋብሪካው ውስጣዊ ስፋት 70 ሚሊሜትር፣ የአዲሱ 76 ከሆነ የቱቦው አፍ በ18 በመቶ ይሰፋል (76 × 76 ÷ 70 ÷ 70 = 1.18)። ሴንሰሩ እውነተኛውን አየር አሳንሶ ያነባል፤ ነዳጁም በዚያው መጠን ያንሳል። በተለመደ ጉዞ ኮምፒውተሩ በኦክስጅን ሴንሰር አማካይነት ያርመዋል። እስከ ወለል ሲረገጥ ግን ብዙ መኪና እርማቱን ሳይጠብቅ በማፉ ንባብ ነው የሚሠራው፤ ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ይነድዳል፣ ያንኳኳል፣ ፒስተንና ቫልቭ ይቃጠላል። ሻጩ የሰጠዎትን ቁጥር አይመኑ፤ ውስጡን በካሊፐር ይለኩ። ልዩነቱ ከ1 ሚሊሜትር ካለፈ ወይ ሻጩ ለዚያ ኢንቴክ የተስተካከለ ሶፍትዌር ያቅርብ፣ ወይ ይተዉት።

7.2 የማፉ ቦታ። ሴንሰሩ ከጠመዝማዛው ቀጥሎ ወዲያው ከተቀመጠ አየሩ እየተወዛወዘ ስለሚያልፍ ንባቡ ይዘልላል። የፋብሪካው ማፍ ፊት ያለው ወንፊት በአዲሱ ላይ ከሌለም ይጠንቀቁ።

7.3 መያያዣዎች። ከፋብሪካው ቱቦ የሚወጡትን ሁሉ ይቁጠሩ፦ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ፣ የቫኪዩም መስመሮች፣ የሙቀት ሴንሰር። አዲሱ ላይ አንድ ከጎደለ «ደፍነው» የሚልዎትን አይስሙ። መተንፈሻው ከተደፈነ ግፊት በሞተሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ዘይት በጓርኒሲዮኖቹ (በሞተሩ ማሸጊያዎች) በኩል ይወጣል።

7.4 ማጣሪያው የሚቀመጥበት ቦታ። ሦስት ዓይነት አለ። ከፋብሪካው ሳጥን ውስጥ የሚገባ መተኪያ ማጣሪያ ብዙም አይጨምርም፣ ብዙም አያበላሽም። አጭሩና ክፍቱ ኢንቴክ የሞተሩን ክፍል ትኩስ አየር ይስባል፤ አብሮት የሚመጣው የሙቀት መከለያ ከኮፈኑ ጋር በጎማ ጠርዝ ካልገጠመ መከለያ አይባልም። ረጅሙ ደግሞ ማጣሪያውን ወደ ታች፣ ፓራፋንጎ ውስጥ ያወርደዋል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ግን ይቀርባል። ማጣሪያው ውሃ ውስጥ ከገባ ሞተሩ ይስበዋል። ውሃ አይጨመቅም፤ ወደ ላይ የሚወጣው ፒስተን ሲያገኘው ቢየላው (ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ) ይታጠፋል፣ ሞተሩ እዚያው ያበቃል። ጎርፍ በሚያልፍበት መንገድ የሚነዱ ከሆነ ይህን ዓይነት አይግዙ።

7.5 የማጣራት ብቃት። ሻጩን በአይኤስኦ 5011 የተፈተነ ውጤት ይጠይቁት። ይህ ማጣሪያ ምን ያህል አቧራ እንደሚይዝና ምን ያህል እንደሚከለክል የሚለካበት ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው። የአየር ፍሰቱን ብቻ ነግሮ የሚያዘውን የአቧራ መጠን የማይናገር ሻጭ ግማሹን ደብቋል። አቧራማ መንገድ ላይ የሚውል መኪና ከወረቀት ማጣሪያ መውጣት የለበትም።

7.6 ዘይት የሚቀባ ጨርቅ ማጣሪያ። ታጥቦ ይመለሳል፤ ግን ዘይቱ ከበዛ በአየሩ ተወስዶ የማፉ ሽቦ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ከታጠበ በኋላ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ዘይቱ እጥፋቶቹ ጫፍ ላይ ብቻ በስስ ይቀባ፣ ተመጥጦ ቀለሙ እኩል እስኪሆን ይጠበቅ። በእጅ ሲነካ የሚያረጥብ ከሆነ በዝቷል፤ እንደገና ይታጠብ።

7.7 የሻጩ የዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ወረቀት። በዳይኖ ላይ ያለው ጭማሪ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው በምን ሁኔታ እንደተለካ ነው። ኮፈኑ ክፍት፣ ትልቅ ማራገቢያ ፊት ለፊት ከነበረ የእርስዎ ሁኔታ አይደለም። በፊትና በኋላ የተባሉት በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና፣ በተመሳሳይ የሞተር ሙቀት መለካታቸውን ይጠይቁ። የመነሻው ሩጫ ስንት ጊዜ እንደተደገመም ይጠይቁ፤ አንድ መኪና ሳይነካ ቢደጋገም እንኳ 1 እና 2 በመቶ ይለዋወጣል። ከዚያ ያነሰ «ጭማሪ» ጭማሪ አይደለም። ከፍተኛውን ቁጥር ብቻም አይዩ፤ ሁለቱ መስመሮች ከ2000 እስከ 4000 ዙር ባለው ውስጥ የት እንዳሉ ይዩ። የሚነዱት እዚያ ነውና። የፋብሪካው ድምፅ መቀነሻ ሳጥን ሲወጣ ታች ላይ ያለው ጉልበት የሚወርድባቸው መኪኖች አሉ።

ደረጃ 8፦ ይወስኑ

- ቱርቦ የሌለው፣ በመንገድ ለ ከ2 ኪሎፓስካል በታች የሚጠፋበት፣ ሙቀቱም ከውጭው ከ10 ዲግሪ በታች ብቻ የሚበልጥ፦ አይግዙ።
- ግፊቱ ከ3 ኪሎፓስካል በላይ በአዲስ ማጣሪያም የሚጠፋበት፦ መጀመሪያ የፋብሪካውን የመግቢያ አፍ ያጽዱ፣ እንደገና ይለኩ። ካልቀነሰ የተዘጋ ሳጥን ያለው፣ የማፍ ስፋቱ እኩል የሆነ ኢንቴክ ያዋጣል።
- ቱርቦና የተቀየረ ሶፍትዌር ያለው፦ ከደረጃ 7 ካለፈ ይግዙ፤ ሶፍትዌሩን የሠራው ባለሙያ ኢንቴኩን ከመግጠምዎ በፊት ይወቀው።
- ለድምፅ፦ ከደረጃ 7 ካለፈና የቴክኒክ ምርመራ ደንቡ ከፈቀደ ይግዙ።
- መኪናው ዋስትና ላይ ከሆነ፦ የዋስትና ውሉን ያንብቡ፣ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ደረጃ 9፦ ከገጠሙ በኋላ ያረጋግጡ

1. የባትሪውን ሽቦ ነቅለው ኢንቴኩን ይግጠሙ። የሚነቅሏቸውን ቱቦዎች ሁሉ ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፣ ክፍት አፎችን በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ፤ ሲጨርሱ ጨርቆቹን ይቁጠሩ።
2. ፋሸታዎቹን ቱቦው በእጅ ሲጠመዘዝ እስከማይዞር ብቻ ያጥብቁ። ሲሊኮኑ በፋሸታው ቀዳዳ ከወጣ በዝቷል።
3. ሞተሩ ሲወዛወዝ ቱቦው ባትሪውን፣ ኮፈኑን ወይም ሽቦ እንዳይነካ በሁሉም በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ።
4. 100 ኪሎሜትር ያህል በተለያየ ፍጥነት ይንዱ፣ ከዚያ የፊውል ትሪሙን ከደረጃ 3 ቁጥር ጋር ያነጻጽሩ። እስከዚያ ድረስ እስከ ወለል አይርገጡ።
5. ደረጃ 4ንና 5ን በተመሳሳይ የአየር ጠባይ ይድገሙ። የማፉን ግራም ግን ከበፊቱ ጋር አያነጻጽሩ፤ ቱቦው ስለተቀየረ መለኪያው ራሱ ተቀይሯል።

ምን ሲበላሽ ምን ይደረጋል

*ትሪሙ በቆመበት ከፍ ብሎ በከፍተኛ ዙር የሚወርድ ከሆነ፦* ከማፍ በኋላ አየር እየሾለከ ነው። ፋሸታዎቹንና የመተንፈሻ ቱቦውን ይፈትሹ። ኮድ ፒ 0171 (ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ) አብሮ ሊመጣ ይችላል።

*ትሪሙ በሁሉም ዙር እኩል ከፍ ካለ፦* ብዙ ጊዜ መሹለክ አይደለም፤ የማፉ ቱቦ ስፋት ነው። በፋሸታ አይስተካከልም። የፋብሪካውን ይመልሱ ወይም ሶፍትዌሩን ያሠሩ።

*ፒ 0101 ከወጣ፦* የማፉ ንባብ ከሚጠበቀው ውጭ ሆኗል። ሴንሰሩ በተቃራኒ አቅጣጫ አለመገጠሙን (ቀስቱ ወደ ሞተሩ ያመለክታል)፣ ዘይት አለመለጠፉን፣ ሶኬቱ መግባቱን ይዩ።

*ማፍ በሌለውና በማፕ ብቻ በሚሠራ ሞተር፦* ከትሮትል በፊት የላላ ፋሸታ ትሪሙን አይለውጠውም፣ መብራትም አያበራም፤ ያልተጣራ አቧራ ግን ያስገባል። ስለዚህ እነዚህን በዓይንና በእጅ ይፈትሹ።

*ሲረገጥ የማንኳኳት ድምፅ ከተሰማ፦* እግርዎን ወዲያው ያንሱ። የፋብሪካውን እስኪመልሱ በቀስታ ብቻ ይንዱ።

*ሙቀቱ ከበፊቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ከጨመረ፦* መከለያውን በጎማ ጠርዝ ያሽጉ፣ የፋብሪካውን የመግቢያ አፍ ወደ ማጣሪያው ያገናኙ፣ እንደገና ይለኩ። ካልወረደ አውጥተው ይመልሱት።

ከ1000 ኪሎሜትር በኋላ ቱቦውን ከማጣሪያው ወዲህ ፈትተው በአዲስ ነጭ ጨርቅ ይጥረጉ፣ በደረጃ 3 ካስቀመጡት ጨርቅ አጠገብ ያድርጉት። አዲሱ ጨርቅ የጠቆረ ወይም የሚሻክር ከሆነ ማጣሪያው አቧራ እያሳለፈ ነው፤ ግፊቱና ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢያምር በዚያው ቀን ያውጡት። ለዚህ ሲሉ የፋብሪካውን ሳጥን፣ ቱቦዎቹንና ብሎኖቹን በአንድ ከረጢት አስረው ስም ጽፈው ያስቀምጡ።